ለማንዳ የተሰጠ ምስክርነት

ማርች 22 ቀን 2025፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ቪድያ የምትባል ሕንዳዊት ሴትዮ አሜሪካ ውስጥ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በበዙበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለውን የፀዲን ምግብ ቤት በር ገፋ አድርጋ ገባችና፣ "ሰርክ የምትባል ሴት እዚህ ትሠራለች?" ብላ ጠየቀች።

ሰርክ በዚያች ደቂቃ ወጥ ቤት ውስጥ ምስር ወጥ እያማሰለች ነበር። ስሟ ሲጠራ ማማሰያው እጇ ላይ ቀረ። ሰዓቱን ያን ያህል አስተካክላ የምታስታውሰው ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት ስላየች ነው። ያየችውም ማንዳ አሁን የት እንደምትሆን ለማሰብ ነበር። ማንዳ በዚህ ሰዓት ባልድዊን ሂልስ ናት፣ አዛውንቶቹን ምሳ እያበላች ነው፣ ስልክ አታነሳም።

"መጡ" አለች ሰርክ ለራሷ።

ሰርክና ማንዳ ባልድዊን ሂልስ ላይ፣ ስድስት አዛውንት በሚኖሩበት አንድ የእንክብካቤ ቤት፣ ኬርጊቨር ሆነው አብረው ሲሠሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ሰርክ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በዲቪ መጥታ ኮሪያታውን ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር አፓርትመንት ተጋርታ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፀዲን ወጥ ቤት ታግዛለች። ማንዳ ሕንድ ውስጥ ናግፑር ከሚባል ከተማ አካባቢ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ሰው ማንሳት ታውቅበታለች። ሰማንያ ኪሎ ሽማግሌ ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውር፣ ሽማግሌው መነሳቱን የሚያውቀው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ያለቻት አንዲት ልጅ አሽዊኒ ናት። አሽዊኒ ፓሳዴና ነርስ ሆና ትሠራለች። ሮሃን ከሚባል የአገሯ ልጅ ጋር ለመጋባት ጁን ላይ ቀን ተቆርጦ ነበር። ማንዳ ያን ሰርግ ስታስብ እንደ ልጅ ነበር የሚያደርጋት። "ከኔ ጎን ነው የምትቀመጪው" ትላታለች ሰርክን። "እኅት የለኝም፤ በእኅት ወንበር ትቀመጫለሽ።"

የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሮሃን በትውልድ ከሁሉ በላይ ከሚባሉት፣ ከብራህሚን ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ ማንዳ ደግሞ ዳሊት ናት።

ሰርክ ይህን ቃል የሰማችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ማንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀዲ ቤት ስትመጣ፣ ሰርክ እንደ ወጉ ጠቅልላ ልታጎርሳት እጇን ዘረጋች። ማንዳ በመጀመሪያ በሩን አየች። ቀጥላ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሰዎች አየች። ከዚያ አፏን ከፈተች። የዚያን ዕለት ማታ አውቶቡስ ላይ፣ ሳትጠየቅ፣ ሁሉንም ነገረቻት።

"በአያቴ መንደር ከኛ እጅ ውሃ የሚቀበል የለም" አለቻት። "ጉድጓዳችን ለብቻ ነበር። ሻይ ቤት የኛ ብርጭቆ ውጭ፣ ግንቡ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጠጥተን፣ አጥበን፣ መልሰን እዚያው እናስቀምጠዋለን። የሞተ ከብት የሚጎትት የኛ ሰው ነው፤ ቆዳ የሚፍቅም የኛ ሰው ነው። ከልደት ነው የሚመጣው። ብትማሪ አይለቅም፣ ብትከብሪ አይለቅም።"

"አሜሪካ መጥታችሁም?"

"አሜሪካ የመጣነው እኛ ብቻ ነን እንዴ? እነሱም መጥተዋል እኮ!"

ሰርክ ያን ጊዜ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ወይ ጉድ!" አለች። "በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም።"

ዋሸች።

የሰርክ አባት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። እናቷ ሸክላ ትሠራለች። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ ሌላ ሰው የማይቀመጥበት ቦታ ተቀምጠው ይሸጡ ነበር። ቀን ማረሻውን የገዛቸው ገበሬ፣ ሲመሽ በደጃቸው ሲያልፍ ልጁን በጋቢው ይሸፍናል። ሰው ደህና ሲሆን ጠይብ ይላቸዋል፤ ሲከፋው ቡዳ። ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ እያለ። ከነሱ ጋር የሚጋባ የለም። ሽማግሌ የሚልክ ሁሉ ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው የሚልከው፤ ሲቆጥርም የሚፈራው እነሱን እንዳያገኝ ነው።

ፌርፋክስ ላይ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። "አባትሽ ምን ነበሩ?" ላላት ሁሉ "የብረታ ብረት ነጋዴ" ትላለች፤ ፊቷ ምንም አይልም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሕፃን ያዘለች እናት ከገባች ግን ሰርክን ፈልጎ የሚያገኛት የለም። "ሰርክዬ፣ ነይ እስቲ ልጄን እይልኝ" ሲሏት እጇ ሽንኩርት ነክቷል፣ ጉንፋን ይዟታል፣ ስልክ ተደውሎላታል። ሕፃኑን ማታ ቢያተኩሰው፣ ቀን ማን ዓይኑን እንደጣለበት ሲቆጠር እሷ እንዳትገኝ ነው። ይህን ልማድ ያዢው ብሎ ያስተማራት የለም፤ ከእናቷ ወስዳዋለች።

ለማንዳ ያን ቀን ብትነግራት ምን ነበረበት? ብዙ ጊዜ አስባዋለች። ግን ማንዳ ፀዲን ታውቃለች፣ ከፀዲ ጋር ትስቃለች። አንድ ቃል ቢያመልጣትስ?

እና ዝም አለች። ዝም እንዳለች ሁለት ዓመት አለፈ።

ማርች መጀመሪያ ላይ ማንዳ ሥራ ቦታ ወደ ጥግ ስባት እንዲህ አለቻት። "እናንተ አገር ልጅ ከመዳራችሁ በፊት ስለ ቤተሰቡ ሰው አታስጠይቁም?"

"እናስጠይቃለን።"

"የሮሃን ቤተሰቦችም እንደዚያው ናቸው። የኔ ጎረቤት ሜክሲኳዊ ነው፣ ከሱ ምንም አያገኙም። ያንቺን ስም ግን አሽዊኒ ለሮሃን ነግራዋለች፤ ፌርፋክስ እንደምትሠሪም ጭምር። አክስቱ አለች፣ ቪድያ የምትባል። የቤቱ ዓይን እሷ ናት። ትመጣለች።"

"ምን ልበላት?"

ማንዳ ጣቷን እያጠፈች ዘረዘረችላት። "የባሌ የአባት ስም ኩማር ነው በያት። ኩማር የሚባል በሁሉም ወገን አለ፣ ከሱ ዘር አይታወቅም። ባሌ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ሥጋ አልበላም።"

"የፀዲን ዶሮስ?"

"ዶሮ የምትባል ነገር አይቼ አላውቅም! ቤተ መቅደስ እሄዳለሁ በያት፣ ትልቁ ጋ። አገሯ የት ነው ካለችሽ ናግፑር ከተማው ውስጥ በይ፤ መንደር እንዳትጠሪ።"

"መንደር ምን ያደርጋል?"

"መንደር ከጠራሽ የትኛው ሰፈር ትልሻለች። ሰፈሩን ካወቀች አለቀ።"

አምስት ነገር። ሰርክ አውቶቡስ ላይ፣ ሻወር ስር፣ ምንጣፍ ስትጠርግ ደጋገመችው። የዜግነት ፈተና ስታጠና እንኳ እንዲህ አልተጨነቀችም። ያኔ ብትወድቅ የምትወድቀው ራሷ ነበረች።

ያ ቅዳሜ ደረሰ።

ቪድያ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ፀጉሯን በወግ የሠራች፣ ድምጿ ለስላሳ ሴት ናት። ክፉ ሴት ትመስላለች ብላ ጠብቃ የነበረችው ሰርክ ግራ ገባት። "ይቅርታ፣ ሳልደውል መጣሁ። ወዲህ ጉዳይ ነበረኝ" አለች ቪድያ። ሰርክ በሆዷ፣ ፌርፋክስ ላይ አንቺ ምን ጉዳይ አለሽ፣ አለች።

ፀዲ ከካውንተሩ ኋላ ሆና፣ "ሰርኬ፣ ጌስት ናት? ሶ አታስቁሚያት እንጂ! ኢንቫይት አድርጊያት፤ በያይነቱ በኔ ነው" ብላ ጮኸች። ፀዲ ልቧ ሰፊ ነው፤ አፏም እንደዚያው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ቅቤም ሥጋም የነካው ነገር አልነበረም። ቪድያ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። "ታዲያ እናንተም እንደኛ ናችሁ!" አለች። ሰርክ ትልቁን ትሪ ይዛ ስትመጣ ግን እጇን በትሕትና ከፍ አደረገች። "ለኔ ሳህን ለብቻ ይሁንልኝ፣ ካላስቸገርኩሽ። እኛ ዘንድ ከአንድ ሳህን መብላት አልተለመደም።"

"ችግር የለም" አለች ሰርክ፤ ሳህኑን ልታመጣ ሄደች።

ጥያቄዎቹ ቀስ ብለው፣ በጨዋታ መሃል፣ እንደ ዘበት መጡ። ስለ ሥራ ታወራና የባልየው የአባት ስም ማን እንደነበር ትጠይቃለች። ስለ ኢትዮጵያ አውሮፕላን ታወራና ማንዳ ከየት ከተማ እንደመጣች ትጠይቃለች። ሰርክ አንድ በአንድ መለሰች። ኩማር። የባቡር መሥሪያ ቤት። ናግፑር፣ ከተማው ውስጥ። ሥጋ? በአጠገቧም አያልፍ። ቤተ መቅደስ? ትልቁ ጋ። አምስቱም አለቁ። ሰርክ ጀርባዋ ላይ ላቡ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። አለፍኩ፣ አለች በልቧ። ማንዳዬ፣ አለፍን።

ምላሷ የተፈታው ይኼኔ ነው።

"ቤቷስ ውስጥ እንዴት ናት?" አለች ቪድያ፣ ጎመኑን እየጠቀለለች። "ትጸልያለች? ለኛ የምራት እናት ሃይማኖተኛ መሆኗ ትልቅ ነገር ነው።"

ይህ ጥያቄ ከአምስቱ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ሰርክ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። እሷ ባደገችበት፣ ስለ አንዲት እናት ሊመሰከር የሚችል ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ደግሞም ይህን በዓይኗ አይታለች። ማንዳ አንድ ጊዜ በጉንፋን ተኝታ ሾርባ ይዛላት ስትሄድ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ የአንድ ሰው ሥዕል ተሰቅሎ፣ ስሩ አበባና ሻማ ተደርጎ አገኘች። "ይሄ ማን ነው?" ብላ ጠይቃት ነበር። "የኛ ሰው ነው" አለቻት ማንዳ በተዘጋ ድምጿ። "እሱ ባይኖር እኔ ፊደል አልቆጥርም ነበር።" ሰርክም ጻድቋ ነው ብላ ያዘችው። ሁሉም ጻድቅ አለው።

"እሷማ!" አለች አሁን ለቪድያ። "እኔን ታስከነዳኛለች። መኝታ ቤቷ ውስጥ የጻድቋ ሥዕል አለ። አበባ ታደርግለታለች፣ ሻማ ታበራለታለች። አንድ ቀን ሳታበራ ወጥታ ከአውቶቡስ ወርዳ ተመልሳለች።"

"ደስ ይላል። የትኛው አምላክ ነው? ጋኔሽ ነው?"

"ስሙን አላውቀውም። መነጽር ያደረገ ነው። ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ ትልቅ መጽሐፍ ይዟል። በዓሉ ኤፕሪል አሥራ አራት ነው፤ ያን ቀን ቢገድሏት ሥራ አትገባም።" ከዚያ ሳቅ ብላ ጨመረችበት። "የተማረ ጻድቅ ነው።"

የቪድያ እጅ፣ ጉርሻውን እንደያዘ፣ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ ዳር መለሰችው።

"አዎ" አለች። "የተማረ ነው።"

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ነው፤ ግን ከፊቷ ኋላ ያለው ሰው ተነስቶ ሄዷል። ይቅርታ ጠይቃ ወደ መታጠቢያው ገባች። ሰርክ ውሃው ሲወርድ ሰማች። በእጁ የበላ ሰው ይታጠባል፣ ምንም የለበትም። ውሃው ግን ቆመና እንደገና ተከፈተ። ቆመና እንደገና ተከፈተ። ሰርክ ወንበሯ ላይ ክው ብላ ቀረች። ያን አስተጣጠብ ከልጅነቷ፣ ከገበያው ዳር ታውቀዋለች። የትኛው ቃሏ እንዳበላሸው አታውቅም፤ ማንዳን እንደገደለቻት ግን ዐወቀች።

ቪድያ ወጥታ አመሰገነች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ ሄደች። ሳህኑ ግማሹ እንዳለ ነው።

"ምግቡን አልወደደችውም እንዴ?" አለች ፀዲ።

"ቸኩላ ነው።"

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ማንዳ ደወለች። "መጥታለች አሉ! አሽዊኒ ነገረችኝ። ምን ጠየቀችሽ?"

"ያልሽኝን ሁሉ።"

"አምስቱንም?"

"አምስቱንም።"

"መለስሽ?"

"አንድም አልሳትኩም" አለች ሰርክ። ይህ እውነት ነበር።

እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆማ አንድ ቃል አልሰማችም። የቱ ነው የተሳሳተው? መነጽሩ? ሱፉ? ቀኑ? ስልኳ ላይ ፈልጋ ልታገኘው አስባ ፈራች፤ ካወቀች መናገር ሊኖርባት ነው። ካላወቀች ግን ምናልባት ምንም አልተፈጠረም፣ ምናልባት ሴትዮዋ እውነትም ጉዳይ ነበራት፣ ምናልባት ጎመኑ አልተስማማትም። ሰኞ ሥራ ላይ ማንዳ ስልኳን ከፍታ የሳሪ ዓይነት አሳየቻት፤ አንዱ እንደ ብርቱካን፣ አንዱ እንደ ወይን። "ለአንቺ ይሄን ነው ያሰብኩት፤ ለቀይ ዳማ ይሄ ነው የሚሄደው።" ሰርክ "ያምራል" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ማክሰኞ ሮሃን ለአሽዊኒ ስልክ አላነሳም። ማክሰኞ ማታም አላነሳም።

ረቡዕ ጠዋት ማንዳ ዓይኗ አብጦ ገባች።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመው የጠዋቱን መድኃኒት ያዘጋጁ ነበር፤ መዋጥ ለማይችሉት እንክብሉን አድቅቀው ከተፈጨ አፕል ጋር ይቀላቅላሉ። ማንዳ እንክብሉን ስትደቁስ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል።

"ዐወቁ" አለች። "አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ሮሃን ማታ አንድ ቃል ላከ፤ ጊዜ ስጡኝ ብሎ። ማን እንደነገራቸው ግን ዐውቄያለሁ።"

ሰርክ የያዘችውን እንክብል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ዲሊፕ ነው። የሕንድ ግሮሰሪ የሚሠራው፣ የአገሬ ሰው። ከኔ ሌላ እዚህ ከተማ ሰፈሬን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እሱም እንደኔው ነው እኮ! ስሙን ቀይሮ ነው የሚሠራው፤ የግሮሰሪው ባለቤት ቢያውቅ አንድ ቀን አያሳድረውም። እኔን ከሸጠ እኔም እሸጠዋለሁ። ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ ሄጄ ለባለቤቱ በሰው ፊት እነግረዋለሁ።"

"ማንዳ..."

"አትለምኚኝ! ሦስት ልጅ አለው ልትዪኝ ነው? እኔም አንድ አለችኝ።"

"ዲሊፕ አይደለም" አለች ሰርክ። "እኔ ነኝ።"

ማንዳ መደቆሷን አላቆመችም። አልሰማችም ወይም አላመነችም። ሰርክ እጇን ያዘቻት።

"እኔ ነኝ። ስለ ሥዕሉ ነገርኳት። መነጽር ስላደረገው።"

ማንዳ ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳሎን ውስጥ አንዱ ሽማግሌ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጉልኝ ይላል፤ የሰማው የለም።

"ለምን?" አለች በመጨረሻ።

"ሃይማኖተኛ ናት ወይ አለችኝ። ላሞግስሽ ብዬ ነው። ጻድቅሽ መስሎኝ።"

"ጻድቅ!" አለች ማንዳ፤ ከአፏ የወጣው ሳቅም ለቅሶም አይደለም። "ከኛ የተወለደ ሰው ነው፣ ሰርክ። ከሁሉ በታች ከሆንነው ከኛ። ተምሮ ተምሮ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ሰው ነው። ልደቱን በየቤቱ አበባ አድርጎ የሚያከብረው የኛ ሰው ነው። ያን ሥዕል መኝታ ቤቷ የሰቀለች ሴት ማን እንደሆነች ሕንድ ውስጥ ሕፃን ያውቃል። ስም መቀየር፣ መንደር መደበቅ፣ ምን አደከመኝ? እሱን መኝታ ቤቴ ሰቅዬ!"

"አላወቅሁም።"

"ከየት ታውቂዋለሽ? ውጭ ነሽ። የውጭ ሰው እንዴት..."

"ውጭ አይደለሁም" አለች ሰርክ።

ከዚያ ነገረቻት። ማረሻውን፣ ሸክላውን፣ ጋቢውን፣ የገበያውን ዳር። ሕፃን ሲመጣ ለምን ወጥ ቤት እንደምትገባ። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ይህን ከአፏ አውጥታ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር፤ የተናገረችውም በሰው አገር ቋንቋ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ስትጨርስ ማንዳ አቅፋት የምታለቅስ መስሏት ነበር።

ማንዳ አላቀፈቻትም። ፊቷ ደም መሰለ።

"በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለሽኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ሁለት ዓመት! እኔ ሁሉን የነገርኩሽ ለእንግዳ እንደሚነገር ነው። አምስት ነገር ሰጥቼሽ በቃ አልኩ፤ የውጭ ሰው ከዚህ በላይ አይገባውም ብዬ። ከውስጥ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ እንደ እኅቴ ቁጭ አድርጌ ነበር የማስተምርሽ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን፣ የማበራውን፣ የምበላውን፣ አንድ ሳይቀር። ሥዕሉን እነግርሽ ነበር፣ ሰርክ። በመጀመሪያ እሱን ነበር የምነግርሽ።"

ተነስታ መድኃኒቱን ይዛ ወጣች። ዲሊፕ ጋ ግን አልሄደችም።

ሦስት ቀን ከሥራ በቀር አልተነጋገሩም። "ቁጥር ሦስት አልጋ ተቀይሯል?" "ተቀይሯል።" በቃ። ቅዳሜ ማታ ማንዳ ቴክስት አደረገች። "ሮሃን ነገ ይመጣል። አንቺም ነይ። ዘጠኝ ሰዓት።"

ሰርክ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ማንዳ ቤት ሄደች። ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ማንዳና አሽዊኒ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ሮሃን ከመመገቢያው ጠረጴዛ ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተ ይመስላል።

"አንቲ ሰርክ፣ እንኳን መጣሽ" አለ። "ነገሩ ሊስተካከል ይችላል። ያለ አንቺ ግን አይሆንም።"

"በል ንገረኝ።"

"አንቺ የብዙ ሰው ቤት ትገቢያለሽ አይደል? ሥዕሉን ያየሁት ሌላ ቤት ነው፣ ተምታቶብኝ ነው ብትያት አክስቴ ትቀበላለች። መቀበል ትፈልጋለች። አዳራሹ ተይዟል፣ ከሕንድ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ትኬት ቆርጧል። ውርደቱ ለነሱም ነው። አንድ ስልክ ብቻ ነው።"

ማንዳ ቀና ብላ ሰርክን አየቻት። በአራት ቀን ውስጥ በደንብ ስታያት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኗ ይለምን ነበር። አድርጊልኝ፣ ይል ነበር። ያበላሸሽውን መልሺልኝ።

ሰርክ አላመነታችም። ሌላ ሰው ቢሆን ያስብ ይሆናል። እሷ ግን ከዚህ የሚቀልላት ሥራ አልነበረም፤ ዕድሜ ልኳን ስትሠራው የኖረችው ነው።

"እላለሁ" አለች። "አሁኑኑ እላለሁ። ደውልልኝ።"

ሮሃን ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ሊነካ ሲል አሽዊኒ መዳፏን ስልኩ ላይ አደረገች።

"አንተ ምን አልካት?"

"ማንን?"

"አክስትህን። መጥታ ስትነግርህ ምን አልካት? አንተ ታውቅ የለ? ከዓመት በፊት ራሴ ነግሬህ የለ?"

"አውቃለሁ፣ አሹ። ለኔ ምንም ማለት አይደለም። ለነሱ ነው።"

"እኮ፣ ምን አልካት?"

ሮሃን እጁን ተመለከተ። "አስተካክለዋለሁ አልኳት።"

"የተበላሸው ምኑ ነው?"

ማንዳ በቋንቋቸው ልጇን መለመን ጀመረች፤ ድምጿ እየቀጠነ፣ እጇ የልጇን ጉልበት እየያዘ። አሽዊኒ ግን ሰርክም እንድትሰማ ነው መሰል በእንግሊዝኛ መለሰችላት።

"ለአንድ ቀን ቢሆን እዋሽ ነበር፣ እማዬ። የሰርጉን ቀን እዋሽ ነበር። ይሄ ግን አንድ ቀን አይደለም። ነገ ልጅ ስወልድ፣ አንቺ ልጄን ልታይ ስትመጪ፣ ማን ናት ብዬ ነው የማስገባሽ? ያን ጊዜ ከግድግዳው ላይ የማወርደው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን አንቺን ነው።"

ሮሃን ብዙ ተናገረ። ቀስ ይላሉ አለ፣ ይለመዳል አለ፣ አክስቱ ክፉ አይደለችም አለ። ቃሉ እያጠረ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ተነሳ። በሩ ጋ ጫማውን ሲያስር ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ማሰሪያውን ፈታው፣ እንደገና አሰረው። ሦስቱም ሴቶች ጀርባውን እያዩ ተቀመጡ። ተመለስ ያለው የለም።

በሩ ሲዘጋ አሽዊኒ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። ማንዳ ባዶውን ወንበር ስታይ ቆየች።

"ልትዋሺልኝ ነበር" አለች፣ ወደ ሰርክ ሳትዞር።

"አዎ።"

"ደህና አድርገሽ ነበር የምትዋሺው።"

"አዎ።"

ማንዳ አፍንጫዋን በሻርፗ ጥግ ጠረገች። "ነገ ጠዋት የማን ሺፍት ነው?"

"የሁለታችንም ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት።"

"አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጠብቂኝ።"

ሰርጉ ቀረ። ሮሃን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሌላ አገባ። ማንዳ ኖቬምበር 3 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ለሥራ ስትለባብስ ወድቃ በዚያው አረፈች፤ ልብ ነው አሉ። አሽዊኒ መጀመሪያ የደወለችው ለሰርክ ነው። ሰውነቷን ያጠቡት ሁለቱ ናቸው፤ ሰርክ በእኅት ቦታ ሆና። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት አርባ ደቂቃ ሰጣቸው፤ በሠላሳ አምስቱ ጨረሱ።